ከአመዱ የጎደለው

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ከባሕር የመጣ ቀጭን ዝናብ በሺምሾን ሰፈር ላይ ያለ ድምፅ ይወርድ ነበር።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቦአቸውን ጠቅልለው ሄደዋል። መርማሪ ይሄይስ በሕንጻው ምድር ቤት በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ትናንት ይህ ክፍል የልብስ ስፌት ቤት ነበር። አሁን አራት የስፌት መኪናዎች ጠቁረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ከኋላቸው፣ ግድግዳው ሥር፣ አንድ የብረት ቁም ሣጥን በሩ ተከፍቶ ይታያል። እሳቱ የተነሳው ከቁም ሣጥኑ እግር ነው፤ ላምባ ፈስሶበታል። የውጭው ጓጉንቸር ግን አልተሰበረም። በሩን የከፈተው ሰው መክፈቻ ነበረው።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ሲሳይነሽ ከመንገዱ ማዶ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም። ትከሻዋ ላይ የወንድ ካፖርት ጣል ተደርጓል። የካፖርቱ ባለቤት ኤራን በሸሚዝ ብቻ አጠገቧ ቆሞ ዝናቡ ያረጥበዋል።

ኤራን አፍሪዳር በሚባለው ሌላ ሰፈር ውስጥ በአንዲት የምክር ቢሮ ይሠራል። ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ትንሽ ንግድ ሲጀምሩ፣ ብድር ሲጠይቁ፣ የመንግሥት ጨረታ ሲገቡ ደንቡን የሚያስረዳቸው እሱ ነው። ጎንደር ሳለ ስሙ ይርዳው ነበር። እሱና ይሄይስ በአንድ ዓመት በሱዳን በኩል መጥተው፣ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት አድገዋል። ዓርብ ዓርብ በከተማው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ባለው የጥንት ፍርስራሽ አጠገብ፣ ባሕሩን እያዩ፣ አብረው ምሳ ይበላሉ። ይሄይስ በዚህ ከተማ ከሌላ ሰው ጋር ምሳ አይበላም።

መርማሪው ከሲሳይነሽ ፊት ቁጢጥ አለ።

«እትዬ ሲሳይነሽ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ምን ነበር?»

ናሙናው ነበር አለች። ለመንግሥት የአረጋውያን መኖሪያዎች ሽርጥና የሌሊት ልብስ የሚሰፋ ድርጅት በጨረታ እየተፈለገ ነው፤ ሥራው ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ለሚያስተዳድሯቸው ትንንሽ ድርጅቶች ተለይቷል። ዋጋው በታሸገ ፖስታ፣ ናሙናው በከረጢት ሆኖ ነገ ሐሙስ ከቀትር በፊት መግባት አለበት። ለአሸናፊው የሁለት ዓመት ሥራ ነው። ከእርሷ ጋር ሦስት ሴቶች ይሰፋሉ፤ ሦስቱም ባል የላቸውም፤ ጨረታው ካለፋቸው ስፌት ቤቱ ይዘጋል።

«ልብሱ ያማረ ነበር» አለች። «የሽማግሌ ጣት አይታዘዝም። በክር የሚታሰር ነገር አላደረግሁበትም፤ ከላይ እስከ ታች በጣት ሲጫኑት ጠቅ ብሎ የሚዘጋ የብረት አዝራር ነው የመታሁበት። ዓይነ ስውርም ይዘጋዋል።»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ቤቴ።»

«ከማን ጋር?»

«ከእግዜር ጋር።»

ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ይሄይስ ተጨማሪ አልጠየቃትም።

ኤራን ክንዱን ይዞ ጥቂት ራቅ አደረገው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዕብራይስጡን ከአማርኛው እየቀላቀለ፣ ያ አሒ፣ ወንድሜ፣ እኔ አልተናገርኩም በል አለው። የሟች ባሏ ወንድም ክንፉም በሰፈሩ ማዶ ስፌት ቤት አለው። ሁለቱ አንድ ላይ ጀምረው ነበር፤ በሩ ላይ የማን ስም ይጻፍ ሲባል ተለያዩ። ይህን ጨረታ ሁለቱም ይፈልጉታል። ባለፈው ሳምንት ክንፉ በሰው ፊት፣ ዓይኔ እያየ ሥራውን አትወስጂውም ብሏታል።

«ሰው በንዴት ብዙ ይላል» አለ ይሄይስ።

«ይላል። ለዚህ ነው አልተናገርኩም ያልኩህ።»

ዝናቡ አላቆመም። ኤራን ካፖርቱን ሳይወስድ ሄደ።

*

የሕንጻው ባለቤት ኒሲም ጥግ ላይ ባለው መደብሩ ውስጥ የዳቦ ሣጥን ያወርድ ነበር። ምድር ቤቱን አስለቅቆ የመኪና ጎማ ሊጠግንበት እንደሚፈልግ ሰፈሩ ያውቃል። ለሲሳይነሽም ሁለት ጊዜ ልቀቂ ብሏታል።

«የራሴን ንብረት የማቃጥል ብሆን» አለ፣ «ከወንድሜ ሚስት ሳሎን እጀምር ነበር።»

ትናንት ማታ ሴት ልጁን ድሮ ነበር። ምስክሮቹ አዳራሽ ሙሉ ናቸው፤ ግማሾቹ ምግቡን ሲያሙ እንዳደሩ ነገረው። በቪዲዮም ተቀርጿል፤ ሲጨፍር ማየት ከፈለገ ካሴቱን ሊያውሰው ይችላል። ይሄይስ ሳቀ። ዛሬ የሳቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ስለ መክፈቻው ጠየቀው። ኒሲም ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ምስማር አሳየው፤ የእሱ መክፈቻ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አቧራ ለብሷል። ሁለተኛው የሲሳይነሽ ነው። ነገር ግን እሷ ሰው ታምናለች። ከመንግሥት ክፍሉን ሊያዩ የመጡ ጊዜ ሐኪም ቤት ስለነበረች ሌላ ሰው ነው የከፈተላቸው።

«ማን?»

«ከእናንተ አንዱ» አለ ኒሲም። ወዲያው አፈረ። «ይቅርታ አድርግልኝ። ፊታችሁን ገና አልለይም።»

ይሄይስ ማስታወሻውን ኪሱ ከተተ። ጣቢያው ውስጥም እንዲሁ ነው። ያንተ ሰዎች ጉዳይ መጣ ይሉትና ይልኩታል።

*

ክንፉን ቤቱ ውስጥ ምድጃው ላይ ላምባ ሲሞላ አገኘው። እጁ ይሸታል፤ ክፍሉም ይሸታል። ይሄይስ ይህን አልጻፈውም፤ በጥር ወር በሺምሾን ላምባ የማይሸት ቤት የለም።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለ ክንፉ።

ይሄይስ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ የተወለደበትንም መንደር ነገረው። ክንፉ ራሱን ነቀነቀ፤ አያቱን በስም ያውቃቸዋል። ከዚያም ትናንት ማታ ቤቱ እንደነበረ፣ ከሚስቱ ከፋንታነሽ ጋር ራት በልቶ እንደተኛ ተናገረ። እያንዳንዱን ቃል እንደ ከባድ ዕቃ እያነሳ ነበር የሚያስቀምጠው።

ከታች ያለችው ጎረቤት ግን ሌላ ነገር አይታለች። ክንፉ ሊመሽ ሲል ነጭ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በዝናብ ወጥቷል። በበዓል እንጂ በማክሰኞ እንዲህ ለብሶ አይታው አታውቅም።

መርማሪው ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ። ክንፉ ከመቀመጫው አልተነሳም።

«ጋሼ ክንፉ፣ ቤትዎ አልነበሩም።»

«አልነበርኩም።»

«ታዲያ የት ነበሩ?»

«እስከ ነገ ቀትር አትጠይቀኝ።»

«ነገ ከቀትር በኋላ ዳኛ ፊት ያቀርቡዎታል። ቤት ማቃጠል ብዙ ዓመት ያሳስራል።»

«እሰረኝ» አለ ክንፉ። ምድጃውን አጠፋ፤ ነጠላውን ከምስማሩ አወረደ፤ ከዚያ አስቦ መልሶ ሰቀለውና ባዶ እጁን ተከተለው።

የጣቢያው አዛዥ ደስ አለው። ዛቻ አለ፣ ላምባ አለ፣ ውሸት አለ። ጉዳዩ በግማሽ ቀን ያለቀ መሰለው፤ ለይሄይስም ጥሩ ሠርተሃል ብሎት ወደ ስልኩ ተመለሰ። ይሄይስ ግን አንድ ነገር ከነከነው። ቤት ሊያቃጥል የሚሄድ ሰው ነጭ አይለብስም።

*

ሰው ነጠላ አጣፍቶ የሚሄድበት ቤት በሺምሾን ብዙ አይደለም። ይሄይስ ወደ አባባ ማንያዘዋል ሄደ። ሰፈሩ ሲጣላ የሚያስታርቁ ትልቅ ሰው ናቸው።

በሩን ራሳቸው ከፈቱለት። ሳሎኑ ጠባብ ነው። በአንዱ ጥግ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበው ቆመዋል፤ ቀለማቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከየጎረቤቱ የተለቀሙ ናቸው።

«ለቅሶ ነበረብዎት እንዴ አባባ?»

«የለም።»

«ሰርግ?»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ወንበሩ በዛብኝ።»

ሽማግሌው ወንበሮቹን ተመለከቱ፤ ቀድመው አለመመለሳቸው የቆጫቸው መሰለ።

«ልጄ፣ ውሸት አልችልበትም። እንዳልዋሽህ አትጠይቀኝ።»

«የሚጠይቅዎ መንግሥት ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«መንግሥት ሲመጣ ዕብራይስጥ አልሰማም እለዋለሁ። በአንተ ላይ ግን እንዲህ አይቻለኝም። ክንፉ በልቷል?»

«አልበላም።»

«ይብላ በለው። እኔ ብያለሁ በለው።»

ይሄይስ ደረጃውን ሲወርድ ከኋላው በሩ ወዲያው አልተዘጋም። ሽማግሌው ዝናቡ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቆመው ያዩት ነበር።

*

ከሰዓት በኋላ ወደ ስፌት ቤቱ ተመለሰ። ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ቁም ሣጥኑ ፊት ተንበረከከ። ከኒሲም መደብር ወንፊት ተውሷል። አመዱን በእፍኙ እየዘገነ ነፋው።

እሳት ጨርቅ ይበላል፤ ብረት አይበላም። ከወንፊቱ ላይ መርፌዎች ቀሩ፤ የመቀስ ምላጭ፣ የክር ማጠንጠኛ ሽቦ፣ የቁም ሣጥኑ ማጠፊያ ቀሩ። ሲሳይነሽ በናሙናው ላይ ከላይ እስከ ታች የመታችው አዝራር ግን አንድም አልነበረም። ወለሉን ጠረገ። ውኃው ወደ ወሰደው ጥግ ሄዶ ጭቃውን ሳይቀር ነፋ። የለም።

እግሩ እስኪደነዝዝ ተንበርክኮ ቆየ። ልብሱ አልተቃጠለም። እሳቱ ከመነሳቱ በፊት ከቁም ሣጥኑ ወጥቷል። እሳቱ የተለኮሰው ልብሱን ለማጥፋት አይደለም፤ የልብሱን መሰረቅ ለመሸፈን ነው።

ክንፉ የራሱ መኪናዎች አሉት፤ ናሙና መስፋት ይችላል። ይህን ልብስ የፈለገው ሰው መስፋት የማይችል ሰው ነው። የተሰረቀው ልብስ ደግሞ የሚጠቅምበት ቦታ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

*

ሐሙስ ጠዋት፣ የጨረታው ጽሕፈት ቤት ሲከፈት ይሄይስ አፍሪዳር ውስጥ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጸሐፊዋ ኦርሊ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደችና መታወቂያውን በጥንቃቄ አየች። ሕግ የምትወድ ሴት ናት። ሦስት ድርጅቶች ለመወዳደር ተመዝግበዋል አለችው፤ እስካሁን ያስገባው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ ትናንት ጠዋት። የማን እንደሆነ አትነግረውም። ከረጢቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለበትም፤ ስሙ ያለው በታሸገው ፖስታ ውስጥ ነው፤ ፖስታውም ያለው በተቆለፈው ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ የሚከፈተው በቀትር ነው።

«ከረጢቱን ግን ማየት እችላለሁ።»

አሰበች። ማየትን የሚከለክል አንቀጽ አላገኘችም።

ከረጢቱን ሲከፍት መጀመሪያ የደረሰው ሽታው ነው። ላምባ። ከውስጡ የወጣው የሌሊት ልብስ ግን ንጹሕ ነበር፤ እሳት አልነካውም፤ ጭስም የለበትም። ላምባ ከተሸከመች መኪና ውስጥ አብሮ የተጓዘ ልብስ ነው። ከአንገቱ እስከ ጫፉ የብረት አዝራር ተደርድሮበታል። አንዱን በጣቱ ተጫነው። ጠቅ ብሎ ተዘጋ።

ኦርሊ ልብሱን ወሰደችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ፊቷ ተለወጠ። ከረጢቱን ካዝና ውስጥ አስገብታ ቆለፈችበት።

«አንድ የሕግ ጥያቄ አለኝ» አላት። «ሁለት ተወዳዳሪዎች ከጨረታው በፊት ተገናኝተው፣ አንተ ተው እሷ ትግባ ቢባባሉስ?»

«ወንጀል ነው። ሁለቱም ይሰረዛሉ፤ ሊከሰሱም ይችላሉ። ጨረታ ውድድር ነው።»

«አብረው መሥራት ቢፈልጉ ግን?»

«ያ ሌላ ነገር ነው። ውል ጽፈው እንደ አንድ ተወዳዳሪ ይገባሉ። እንዲያውም ለትንንሾቹ የምንመክረው ይህንን ነው፤ ብቻቸውን የባንክ ዋስትና አያገኙም፣ ሁለት ሲሆኑ ያገኛሉ። ማንም አማካሪ መጀመሪያ የሚነግራቸው ይህንን ነው።»

«አልተነገራቸውም ይሆናል።»

«ካልተነገራቸው» አለች ኦርሊ፣ «የሚያሳዝን ነው። ሕጉን ግን አይለውጠውም።»

*

የክንፉ ስፌት ቤት በር ተዘግቷል፤ ከውስጥ ግን መኪና ይጮኻል። ይሄይስ አንኳኳ። ፋንታነሽ በሩን በጠባቡ ከፈተች። በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ተመለከተ። በክንፉ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ የምትሰፋው ሲሳይነሽ ናት። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ሽርጥ ተጣጥፏል። የሌሊት ልብሱ እጇ ላይ ነው፤ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል።

ባሏ የታሰረባት ሴት ለከሳሹ የስፌት መኪና አትሰጥም። ይሄይስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ድምፁን አላነሳም።

ማክሰኞ ማታ በአባባ ማንያዘዋል ቤት ሽማግሌ መቀመጡን፣ ክንፉ ነጠላውን አጣፍቶ የሄደው ወደዚያ መሆኑን፣ ሲሳይነሽም እዚያ እንደነበረች ነገራቸው። ታርቃችኋል አላቸው። ክንፉ ከጨረታው ሊወጣ፣ እርሷ ካሸነፈች ስፌቱን ልታካፍለው ተስማምታችኋል። እሳቱ ሲነሳ ሁለታችሁም ሽማግሌ ፊት ተቀምጣችሁ ነበር።

መኪናው ቆመ።

«ዘመድ ከዘመድ በመንግሥት ፊት አይጫረትም» አለች ሲሳይነሽ። «ነውር ነው። አባባ ያሉት ይህንኑ ነው። እኛ ነውሩን ብናነሳ፣ ለካ ወንጀል አድርገናል።»

«አትናገሪ» አለች ፋንታነሽ። «ክንፉ ራሱ ነው ያለው። እስከ ቀትር ልቀመጥላት፣ ሣጥኑ ይዘጋ፣ ከዚያ እግዜር ያውቃል ነው ያለው።»

«እትዬ ሲሳይነሽ» አለ ይሄይስ፣ «አልዋሽዎትም። ይህን ከተናገሩ ክንፉ ይፈታል። ጨረታው ግን ያልፍዎታል። የእርስዎም የእሱም ስም ይሰረዛል። ዝም ካሉ ልብሱን ያስገባሉ፤ ምናልባትም ያሸንፋሉ።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሰማል። ሲሳይነሽ የቀረውን ጠርዝ ሰፋች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች። የመጨረሻውን አዝራር በመዶሻ መታችው፤ ከፈተችው፤ ዘጋችው። ልብሱን አጣጥፋ ሽርጡ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ብቻ ቀና አለች።

«ወንድሙን አዲስ አበባ ቀብሬ መጣሁ። ሁለተኛውን እዚህ በቁሙ አልቀብርም። ጻፍ።»

ፋንታነሽ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ይሄይስ ጻፈ። ሲሳይነሽ አንድም ነገር ሳትዘል፣ ሳትቸኩል ተናገረች። ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ቀረው። ማክሰኞ ምሽት ሽማግሌ ሲቀመጥ ነገሩ ወንጀል መሆኑን ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። ረቡዕ ንጋት ግን ሁሉም ዝም ብለው ነበር።

«ወንጀል ነው ብሎ የነገረሽ ማን ነው?» አላት። አንቺ ማለቱን ራሱም አላስተዋለም።

«ኤራን ነው። እሳቱ ሳይጠፋ። ካፖርቱን አለበሰኝና በጆሮዬ ነገረኝ። ማንም እንዳይሰማ፣ ለፖሊስ እንዳትነግሩ፣ ሁላችሁም ትታሰራላችሁ አለኝ። ለክንፉም ላክሁበት፤ ለአባባም።»

«ሽማግሌ መቀመጡን እሱ ከየት አወቀ?»

«እኔው ነኝ የነገርሁት። ማክሰኞ ቀን ቢሮው ሄጄ፣ ዛሬ ማታ ልንታረቅ ነው አልሁት። ደስ ብሎኝ ነበር። እሱም ደስ አለው። መርቄው ወጣሁ።»

ይሄይስ ብዕሩን አላንቀሳቀሰም።

«ከመንግሥት ሊያዩ የመጡ ዕለት መክፈቻሽን የሰጠሽው ለማን ነው?»

ሲሳይነሽ አየችው። መልሱን ከመናገሯ በፊት የገባት ያን ጊዜ ነው። እጇ ወደ አፏ ሄደ።

*

በቀትር ሣጥኑ ሲከፈት ይሄይስ ከኦርሊ ጎን ቆሞ ነበር። በውስጡ አንድ ፖስታ ብቻ ተገኘ። በፖስታው ውስጥ የተመዘገበው ስፌት ቤት ባለቤት ኦሽራት ትባላለች። ይሄይስ ያውቃታል። ዓርብ ዓርብ የሚበላውን ምሳ የምትሠራው እርሷ ናት፤ የኤራን ሚስት። በተመዘገበው አድራሻ የስፌት መኪና የለም። በአድራሻው ያለው መኖሪያ ቤታቸው ነው።

ኤራንን በስልክ ጠርቶት፣ ፓርኩ ውስጥ ከወደቁት ዓምዶች አጠገብ ጠበቀው። ዝናቡ አባርቷል፤ ባሕሩ ግን ግራጫ ነው፤ በአሸዋው ላይ ሰው የለም። ኤራን በሸሚዝና በሹራብ መጣ።

«ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው» አለ።

«አዎ።»

ኤራን ፊቱን አየው፤ ከዚያ ባሕሩን። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ይሄይስ ስለ አዝራሩ፣ ስለ ከረጢቱ ሽታ፣ ስለ መክፈቻው ነገረው። ኤራን አላቋረጠውም፤ አልካደምም። ሲጨርስ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ አድርጎ አስረዳው። ለኦሽራት አባት፣ ልጁን ሊያገባ ሲጠይቅ፣ ስፌት ቤት አለኝ ብሎ ነበር። በስሟ ወረቀት አወጣ፤ ብድር ወሰደበት፤ መኪና ግን አልተገዛም፤ ገንዘቡ በኑሮ አለቀ። ዘንድሮ አማቱ ስፌት ቤቱን አሳየኝ ማለት ጀመሩ። ጨረታውን ካሸነፈ በዚያ ውል ሌላ ብድር ያገኛል፤ መኪናም ይገዛል፤ ውሸቱም እውነት ይሆናል። ኦሽራት ምንም አታውቅም፤ የፈረመችው እሱ ያቀረበላትን ነው።

«አብረው መግባት እንደሚችሉ አልነገርካቸውም።»

«አልነገርኳቸውም።»

«ለምን?»

«አብረው ከገቡ ያሸንፉ ነበር።»

ማዕበሉ ዓምዶቹ ሥር ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ኤራን ጠጠር አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«ስንቱን ሰው ብድር አስገኘሁ። ስንቱን ጨረታ አስገባሁ። ሲጣሉ ሽማግሌ አላቸው። ሲቸገሩ ዘመድ አላቸው። እኔን፣ አንተስ እንዴት ነህ ያለኝ የለም። ቢሮ ነው የምመስላቸው።»

«እትዬ ሲሳይነሽ መርቃሃለች።»

«አዎ» አለ ኤራን። «ያን ማታ ላምባው ከእጄ አምልጦ መኪናው ውስጥ የፈሰሰው በዚያ ነው።»

ይሄይስ የማይጽፈውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ጣቢያው ውስጥ አማርኛ የሚያውቅ መርማሪ እኔ ብቻ ነኝ። እኔን እንደሚልኩ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ሽማግሌ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቢመጣ አይሻልህም ነበር?»

«ሌላ ሰው ቢመጣ እኔንም ይጠይቀኝ ነበር» አለ ኤራን። «ማክሰኞ ማታ የት ነበርክ ይለኝ ነበር። አንተ አልጠየቅከኝም።»

አልጠየቀውም ነበር። ይሄይስ ተነሳ። ኤራንም ተነሳ፤ ሳይታዘዝ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። መርማሪው ሰንሰለቱን ከወገቡ አላወጣም። በፍርስራሹ መካከል ባለው መንገድ፣ እንደ ዓርብ ጎን ለጎን፣ እስከ መኪናው ተራመዱ።

*

ክንፉ በዚያው ምሽት ተፈታ። ፋንታነሽ በጣቢያው በር ላይ ነጠላውን ይዛ ትጠብቀው ነበር። ሲሳይነሽ ከእርሷ ራቅ ብላ በመንገዱ ማዶ ቆማለች። ክንፉ መጀመሪያ ወደ እርሷ ተሻገረ። ምን እንዳለችው አይሰማም፤ ለረጅም ጊዜ ራሱን ሲነቀንቅ ግን ይሄይስ በመስኮቱ አይቷል።

ዓርብ ቀትር መዝገቡን ጻፈ። ስለ ሽማግሌዎቹ ስምምነት የተሰጠውን ቃል አያያዘበት፤ ሳያያይዘው መዝገቡ አይቆምም። ከጨረታው ጽሕፈት ቤት የሲሳይነሽና የክንፉ ምዝገባ መሰረዙን የሚገልጽ መልስ በሳምንቱ ደረሰ። ክስ አልተመሠረተባቸውም። የሦስቱ ሴቶች ሥራ እስከ የካቲት መጨረሻ በክንፉ መኪናዎች ላይ ቀጠለ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ፋብሪካ ገቡ።

በግንቦት ጨረታው እንደገና ወጣ። ሲሳይነሽና ክንፉ በአንድ ፖስታ ተወዳደሩ። ሁለተኛ ወጡ።